መቶ ሃያ ቀን

ሌሊቱን ሙሉ ደመረ፣
በሲጋራ ካርቶን ጀርባ፣ በቶርኖ ቤት እርሳስ፤
ከላይኛው አልጋ ዲልባሃዱር እንዳይነቃ፣ በስልኩ ብርሃን ሲዳስስ፣
ሻርጃ የበላችውን አሥራ ሰባት ዓመት አንድ በአንድ ሲያስታውስ።

«ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ወር ይሰጣሉ ብለውኛል፤
ሺህ አምስት መቶ በአሥራ ሰባት...» ሃያ አምስት ሺህ ከአምስት መቶ ይሆናል።
የጣሪያው ክዳን ተቀየረ፤ የጉድጓዱ ሞተር ተገዛ፤
ሊጂ ነርስነት ተመዘገበች፤ የካርቶኑ ጀርባ በቁጥር በዛ።
ላም አለኝ በሰማይ ያለውን ሰው
ወተቷን እስኪያልብ ማን ይቀስቅሰው?

ጠዋት እጁን ሦስቴ ታጥቦ ቢሮ ገባ፤
ጥፍሩ ሥር ያለው ዘይት ሳይታጠብ አብሮት ገባ።
ፊሎሜና፣ የጎዋዋ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፤
«ተቀመጥ ኩርያኮስ፤ ውልህን አውጥቻለሁ፤ አብረን እንየው» አለች።

አዩት።
«መሠረታዊ ደመወዝ» የሚል መስመር፤ ከጎኑ ዘጠኝ መቶ።
«ስድስት መቶው ለቤት፣ ለመጓጓዣ ነው፤ አይታሰብም ከዚህ ገብቶ።»
«እኔ ግን በየወሩ ሺህ አምስት መቶ ነው የምቆጥር።»
«እጅህ የቆጠረው ሌላ ነው፣ ወረቀቱ የያዘው ሌላ ቁጥር።»
ዘጠኝ መቶ ለሠላሳ ሲካፈል፣ የአንዱ ቀን ዋጋ ሠላሳ ድርሃም።
ይቺ ናት እንዴ ቀኔ? ብሎ አልጠየቀም፤
እሷም ቀና ብላ አላየችውም።

«ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት፣ በየዓመቱ ሃያ አንድ ቀን፤
ለቀሩት አሥራ ሁለት፣ በየዓመቱ ሠላሳ ቀን።»
የፊተኛው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ፤
የኋለኛው አሥር ሺህ ስምንት መቶ።
ካልኩሌተሩን አዞረችለት፣ ጥርጥር በልቡ እንዳይነሳ፤
በዘይታሙ ጣቱ ራሱ ደመረ፦
አሥራ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ።

ካርቶኑን ከኪሱ አወጣ።
ከክዳኑ ግማሹን ሰረዘ፤ ሞተሩም ሳይገዛ ቀረ፤
የሊጂን ስም ግን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ከእርሳሱ አስቀረ።

«አንዲት ነገር ቀርታለች» አለች ፊሎሜና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
«ያለ ደመወዝ የወጣህበት ፈቃድ አለ፤ እሱ አይገባም ከአገልግሎት ዋጋ።»
«ስንት ቀን?»
«መቶ ሃያ።»

አባቱ የታመሙ ጊዜ ነው።
ኩታናድ፣ ዝናቡ የበረታ ሰሞን፣ ውሃው እስከ ደጁ ደርሶ፣
አባቱን አዝሎ ወደ ታንኳው ሲሄድ፣ ጭቃው እግሩን ጎርሶ፤
የስድስት ዓመቷ ሊጂ ጃንጥላ ይዛ ለአያቷ፣
ቁመቷ አልደርስ ብሎ ስትዘል፣ ዝናቡ ሲወርድ ከአናቷ፤
ማታ ሩዙን በማንኪያ ሲያጎርሳቸው፣ ታግሶ እስኪውጡ፣
አንዴ በስሙ ሲጠሩት፣ አንዴ በሞተ ወንድማቸው ስም ሲቆጡ።
አራት ወር።
ቀብሯቸው ተመለሰ።

«የዓመት ሲሶ ነው» አለች፤ «ሦስት መቶ ድርሃም ይቀነሳል።
የቀረው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይከፈልሃል።»
ሳቀ። እሷ ግን ደነገጠች።
«ይቀነስ» አለ፤ «ልክ ነው። ያን ጊዜ እዚህ አልነበርኩም።
መቼ ሄጄ መቼ እንደተመለስኩ ተጽፏል?»
«አዎ፣ በፊርማህ።»
«የሱን ገጽ ቅጂ ስጪኝ። ሌላው ግድ የለም።»

ማታ ዲልባሃዱር ከላይ አልጋ አንገቱን አስግጎ፦
«ስንት ሆነ?»
ኩርያኮስ ቅጂውን አራት አጥፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ከተተው፤
አዲስ ካርቶን ቀደደና እርሳሱን ቀረጸው።
«ውረድ» አለው። «ውልህን ይዘህ ና።
መሠረታዊ የሚለውን መስመር ፈልግ እንጂ ድምሩን አትይ ገና።
አገርህ የከረምክበትን ቀን ደግሞ
ለብቻው ጻፈው።»